ሳልሰናበትሽ የቀረሁበት ምክንያት

ውድ እታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ደንበኛ የለም። ባለቤቴ ከጎን ባለችው ጠባብ ሱቁ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የሰው ሰዓት ይፈታታል። የምነግርሽ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን በቅድሚያ ይቅርታ ልጠይቅሽ።

የሄድሽ ዕለት አውቶቡስ ጣቢያ ያልመጣሁ መስሎሻል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ሰፍተን ልትሸኘኝ እንኳ አልወጣችም ብለሽ እንዳዘንሽ አውቃለሁ። መጥቼ ነበር። ደረጃውን ወጥቼ ስጨርስ ምድር ዞረችብኝ፣ ደረቴን የሆነ ነገር ጨምድዶ ያዘኝና ከቲኬት መቁረጫው ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ሻንጣሽን ይዘሽ በር በሩን ስታዪ አይቼሻለሁ። ብጠራሽ ትሰሚኝ ነበር። ግን ፊቴን ካየሽ እንደማትሄጂ አውቃለሁ፤ ልጅሽ ደግሞ ለመውለድ የቀራት ጥቂት ቀን ነበር። አፌን ያዝኩ።

የልብ ድካም እንዳለብኝ ታውቂያለሽ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ሲነገረኝ እጄን ይዘሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ያላወቅሽው አዲሱን ነው። ዕቃ ስትሸክፊ ሱቅ መግባት በተውሽባቸው በእነዚያ ሁለት ወራት፣ ደረቴን በግራ በኩል ይወጋኝ፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልም ጀመር። ልቤ በቃኝ እያለች ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከሄድሽ በኋላ መደበቁም አላዋጣኝም። አንዲት ሙሽራን ቀሚስ ስለካ አዞረኝና ወገቧን ይዤ ተደገፍኩባት። ምስኪኗ ቀሚሱ በመርፌ እንደተያያዘ አቅፋኝ ቆመች፤ እናቷ ሮጣ ባለቤቴን ጠራችው።

ከዚያማ ምርመራ በምርመራ ሆንኩ። አንዱ ሐኪም የልብ ምቴን በወረቀት አውጥቶ ለውጥ የለውም አለ። ሌላው ደሜን አስመርምሮ ደህና ነው አለ። ሦስተኛው ጭንቀት ነው አለኝ፤ እሱን ስሰማ እውነትም ተጨነቅኩ። ምት የሚመዘግብ መሣሪያ ደረቴ ላይ ለጥፈውልኝ አንድ ቀን ይዤው ዋልኩ። አንዷ ደንበኛ ሬዲዮ ነው ወይ ብትለኝ፣ ነው፣ ግን ጣቢያ አይዝም አልኳት። ውጤቱ ያው ምንም ሆነ። ምንም የለብሽም ሲሉኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆድ ባሰኝ፤ የሚያዞረኝ እኔን ነዋ። እንዲያውም ማሽኖቹን ለማን እንደምተው ጽፌ አስቀምጬ ነበር። ዚግዛጉ ላንቺ ነበር፤ አሁን ተስፋሽን ቁረጪ።

እምቢ ያለው ባለቤቴ ነው። ቆሞ የመጣለትን ሰዓት ምንም የለውም ብሎ መልሶ አያውቅም። ደብተር ገዝቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ መቼ እንደሚያመኝ፣ መቼ እንደሚያዞረኝ በደቂቃ መዘገበ። ያን ይዘን አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ገባን። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ጸጥ ብላ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ፣

«እናቴ፣ እሑድ እሑድ ለምንድን ነው የማያዞርዎት?» አለችኝ።

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ሥራ ላይ የማደርገውን አንድ በአንድ እንድነግራት ጠየቀችኝ። የጨርቅ ጣቃ እንዴት እንደሚያነሱ ያሳዩኝ ስትለኝ የአልጋውን ፍራሽ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አስደግፌ አቀፍኩት። አስቀመጠችኝና ከደረቴ አጥንት ጠርዝ ላይ በጣቷ ጫን አደረገችው። የሚወጋኝ ልክ እሱ ነበር። የጎድን አጥንቴ የሚጋጠምበት ቦታ በሸክም ብዛት ተቆጥቶ ነው እንጂ ከልቤ እንዳልሆነ አስረዳችኝ።

«በፊት ጣቃውን ማን ያግዝዎት ነበር?»

«ጓደኛዬ።»

«የት ሄደች?»

«አያት ልትሆን» አልኳት፤ ያን ጊዜ ዕንባዬም ሳቄም አንድ ላይ መጣ።

የማዞሩ ነገር ደግሞ ይኸውልሽ። ሽንት የሚያበዛውን ኪኒን አውቶቡስ ላይ መከራዬን እንዳያሳየኝ ብዬ ሱቅ ከገባሁ በኋላ እንደምወስደው ታስታውሻለሽ። አንቺ ሱቅ መግባት በተውሽ ሰሞን መድኃኒት ቤቱ የሰጠን እሽግ ሌላ ስም፣ ሌላ ቀለም ነበረው። ባለቤቴ ተጨማሪ የታዘዘ መስሎት ጠዋት ልክ በአንድ ሰዓት ይሰጠኛል፤ እኔ ደግሞ ሱቅ ገብቼ ከመሳቢያዬ አሮጌውን እደግማለሁ። ሐኪሟ የመድኃኒት ከረጢቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ አንድ መድኃኒት ናቸው። ተኝቼም ቆሜም የደም ግፊቴን ለካችኝ፤ ስቆም ዘጭ ይላል፤ ድርቡ ኪኒን የሰውነቴን ውኃ ጨርሶት ኖሯል። እሑድ የማያዞረኝ ሱቅ ስለማልገባ ነበር።

ባለቤቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አንዲት ደቂቃ ሳላዛንፍ ነው ያደረቅኩሽ» አለ። ሐኪሟ በእሱ አልፈረደችም፤ ደብተሩ ባይኖር እኔም አላገኘውም ነበር አለችው። ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ሳቅ ያዘው፤ እኔም ተከተልኩ፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ምን የምሥራች ተነግሯቸው ይሆን ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም።

እንዳልዋሽሽ፣ የልብ ድካሙ አልሄደም። በአልትራሳውንድ ዳግመኛ አይታው ከአምናው እንዳልባሰ፣ እንዲያውም ጥቂት እንደተሻለ ነገረችኝ። ጨው እቀንሳለሁ፣ በየቀኑ እመዘናለሁ፣ ኪኒኑ አንድ ብቻ ነው። ማዞሩ በሳምንቱ ተወኝ፤ ደረቴ ወር ፈጀበት። ጣቃውን አሁን የሚያነሳው ባለቤቴ ነው፤ ሐሩን ከሱፍ አይለይም፣ ግን ጉልበት አለው።

ሐኪሟ ለጉዞም ፈቅዳልኛለች። በሚቀጥለው ወር ሕፃኑን ላየው እመጣለሁ፤ የሰፋሁለት ሸሚዝ ከጠበበው ጥፋቱ የእሱ ነው። ከእንግዲህ ሲያመኝ አመመኝ እልሻለሁ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ የደበቅሽኝ ነገር ካለ ጊዜው አሁን ነው።

ትናንት መሸት ሲል ሱቁን ዘግተን፣ ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ ያችን ዳገት በወሬ ወጣኋት። «ቀስ በይ እንጂ» የሚል ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል፣ ባለቤቴ ከኋላዬ ነው፤ ቁና ቁና ይተነፍሳል። እሱን ቀድሜ ዳገት ከወጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው። አናቱ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

ሕፃኑን በሁለቱም ጉንጮቹ ሳሚልኝ።

የማሽን ጎረቤትሽ