አባዬ፣ ከመኪናዋ ሥር ብቻዎን አይግቡ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ያደሳ፣
በደሌ

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን የያዘዎት ብርድ ለቀቀዎት ወይስ አሁንም በክረምቱ ያሳብባሉ? እማዬስ፣ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ክር መርፌ ውስጥ መክተት ቻለች? እህቴ ሌሊሴና ልጆቿስ ደኅና ናቸው? እዚህ ኮልፌ ሰማዩ ከሐምሌ ወዲህ አልተዘጋም፤ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እኔም፣ ናዝራዊትም፣ ልጃችን ፀዳለም፣ ጌታ ይመስገን፣ አለን። ይህችን «አለን» የምትል ቃል ዘንድሮ ከልቤ ነው የምጽፋት።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅዎ። በሐምሌ ስንደዋወል እጄን የሰበርኩት ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው ብዬዎት ነበር። ዋሽቼዎታለሁ። እማዬ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው፤ ደግሞም አፍሬ ነበር። ዛሬ እውነቱን የምጽፍልዎ ሌሊሴ ትናንት ደውላ «አባዬ በቆሎው ሳይደርስ የፒክአፗን ፍሪሲዮን ራሴ አወርዳለሁ ብለው ድንጋይ እየሰበሰቡ ነው» ስላለችኝ ነው። በስልክ ብነግርዎ «ይሁን፣ ይሁን» ብለው ይዘጉብኛል። ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው እንደሚያነቡ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የመኪናችን ማርሚታ ማሰሪያው ተበጥሶ የጭስ ቱቦው መሬት እየጎተተ ሰፈሩን ያስጮህ ነበር። «ሽቦ ለማሰር ደግሞ ጋራዥ?» አልኩ፤ የእርስዎ ልጅ አይደለሁ! ግቢያችን ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፣ መሬቱም በዝናብ ርሷል። መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት፣ የኋላውን ጎማ ፈታሁ፣ ከሥሯ ከግንብ ሥራ የተረፈ ብሎኬት ደረደርኩ።

ናዝራዊት እዚያው ልብስ ታጥብ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «ጃለታ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም። የፈታኸውን ጎማ እንኳ ከሥር ክተተው» አለች።

«አንቺ ደግሞ! ሁለት ደቂቃ እኮ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ጎማውን ሳትከት ምን አስቸኮለህ?»

እንድትተወኝ ብዬ ጎማውን አጋድሜ በእግሬ ገፋ አድርጌ ከሥር አስገባሁት፤ ከዚያ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ።

ሽቦውን ጠበቅ አድርጌ ስስብ መኪናዋ ነቅነቅ አለች። ክሪኩ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ፤ ብሎኬቱ ፍርክስክስ ሲል ሰማሁት። ወዲያው ብርሃኑ ጠበበብኝ። መኪናዋ ያ ጎማ ላይ አርፋ ቆመች፤ ደረቴን ተጫነችኝ እንጂ አልጨፈለቀችኝም። ግራ እጄ ግን በብረቱና በመሬቱ መካከል ቀረ። አባዬ፣ ልጮህ ፈልጌ ትንፋሽ አጣሁ። የምሰማው የናዝራዊትን ኡኡታና የፀዳለን «አባቢን አውጡልኝ» የሚል ለቅሶ ብቻ ነበር። እዚያ ሥር ሆኜ ያሰብኩት ትልቅ ነገር የለም። «ልጅቷን ወደ ቤት አስገቧት፣ እንዳታይ» ማለት ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ፤ ከእጄ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ከጎናችን የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ፈሀድ የሚባል ጎረቤት አለን። ሠራተኞቹን አስከትሎ ደረሰ። ሰው እግሬን ይዞ ሊጎትተኝ ሲል «ማንም እንዳይነካው! መጀመሪያ መኪናዋ ትነሳ!» ብሎ ጮኸባቸው። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደረገ፤ ስምንት ሆነው አነሷት፣ ወፍራም ጣውላ ከሥር ገባ፣ ከዚያ በኋላ ነው የተሳብኩት። እጄ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ ሁለት የጎን አጥንቶቼም ተሰንጥቀዋል። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየሁ። አሁን ጀሶው ወርዷል፤ ትንሿ ጣቴ ብቻ ገና እንደ ደነዘዘች ናት። ሐኪሙ ጊዜ ስጣት ብሎኛል።

መኪናዋን ለመሥራት ከአየር ጤና ሰፈር ጤናዬ የምትባል መካኒክ መጣች፤ ሃያ ዓመት ጋራዥ ውስጥ የኖረች ሴት ናት። የተፈረካከሰውን ብሎኬት አንስታ አየችው። ትስቅብኛለች ብዬ ስሸማቀቅ «ወንድሜ፣ ሙያ ያስተማረኝን ሰው የቀበርኩት በዚሁ ነው። ከእኔ አሥር እጥፍ ያውቅ ነበር። ሁልጊዜ ስለሚሳካለት ነው የተዘናጋው» አለችኝ።

ከዚያ ታግሳ አሳየችኝ። ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ለመያዝ አይታመንም አለች። መሬቱ ደልዳላ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይሳብ፤ መሬት የነኩት ጎማዎች እንዳይንከባለሉ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግባቸው፤ ከሻንሲው ሥር ጥንድ የብረት መደገፊያ ይቁም። ከመግባቷ በፊት መኪናዋን በሁለት እጇ ገፋ ገፋ አደረገቻትና «መውደቋ ካልቀረ እኔ ውጭ ሳለሁ ትውደቅ» አለች። ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተር ክዳን እንዳልነካም አስጠነቀቀችኝ፤ ይህን እንኳ እርስዎ በአንገትዎ ጠባሳ ያውቁታል።

አባዬ፣ ልጅ አባቱን አስተማረ እንዳይሉኝ። ያቺን ፒክአፕ ከእኔ ዕድሜ ለማይተናነስ ጊዜ ጠግነው አኑረዋታል፤ እኛን ያሳደገች እሷ ናት። ድንጋይ ደርድሮ መግባትንም ከእርስዎ ነው ያየሁት፤ ያኔ ሌላ ነገር ከየት ይመጣ ነበር? ወቀሳ የለኝም። ነገር ግን ፍሪሲዮን ለማውረድ ያ ሁሉ የማርሽ ብረት ከደረትዎ በላይ ይፈታል። በስልሳ ስምንት ዓመትዎ፣ በርጥብ መሬት፣ ለብቻዎ አይሆንም።

ወንድሜ ባጫ ሰኞ ከአየር ጤና መናኸሪያ ወደ እናንተ ይነሳል። በእሱ እጅ ሁለት የብረት መደገፊያና አራት ታኮ ልኬልዎታለሁ። መደገፊያዎቹን የመረጠችው ጤናዬ ናት፤ የሚችሉት ክብደት ላያቸው ላይ ተጽፏል። ፈሀድ «እኔ በይጄ እሠራለታለሁ» ቢል «አንተ በርህን ሥራ፣ ይህን ተወው» ብላ አሳቀችን። እኔ ራሴ ለመስቀል ሥራ ሲዘጋ እመጣለሁ። ፍሪሲዮኑን ያኔ ሦስታችን፣ እርስዎ፣ ባጫና እኔ፣ እናወርደዋለን። ግራ እጄ ገና ጉልበት የላትም፤ ቁልፍ ማቀበል ግን አያቅተኝም። እስከዚያ ድንጋዩ ለእማዬ ጓሮ አጥር ይሁንላት።

እማዬን ጉንጯን ስመው እውነቱን ቀስ አድርገው ይንገሩልኝ። ሌሊሴን ነገር አቀበለች ብለው እንዳይቆጧት፤ ልጆቿን በየስማቸው እየጠሩ ይሳሙልኝ። የዚያውን ጎረቤታችንን አቶ ለሊሳን «ጃለታ ሰላም ይልዎታል» ይበሏቸው። ናዝራዊት እጅ ትነሳለች። ፀዳለ ደግሞ አሁን አሁን መኪናዋን ልነካካ ስል መጥታ ትቆማለች። ምን ትጠብቂያለሽ ብላት «እግርህን ነው የማየው» አለችኝ። አባዬ፣ እርስዎ ፒክአፗ ሥር ሲገቡ እኛም እግርዎን እያየን፣ እስኪወጡ ትንፋሻችንን ይዘን እንቆም ነበር። ይህን አንድም ቀን አልነገርንዎትም።

ልጅዎ ጃለታ ያደሳ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.