ልጃችሁን ስለመረከብ

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ እሱ ከመመለሱ በፊት

ለምወድህ አባዬ፣

ሰላምታዬ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ይድረስህ። መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ጆሮው ይደነቁራል ሲሉ ስለሰማሁ ነው ፊደሉን አተልቄ የምጽፈው። እኛ ደህና ነን። አያቴ ደህና ናት፤ የሚያማት ጉልበቷን ነው እንጂ ምላሷን አይደለም። የእማዬ የስፌት መኪናም ደህና ነው። ጋሽ ማኅተምም ደህና ነው (አትስጋ፣ በፊቱ «ጋሼ» ብቻ ነው የምለው)። የሚስትህ ወንድም ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ከረባቱን አስሮ ሳሎን ውስጥ ሥራ ይገባል።

ይህን ደብዳቤ ወደብ ድረስ የሚያደርስልህ ጎረቤታችን የጭነት መኪና ሹፌሩ ነው። በፖስታ ቤት ብልከው ካንተ በፊት ስንት ሰው እንደሚያነበው አንተው ታውቃለህ። አንብበህ ስትጨርስ ለሞተሩ አጉርሰው።

ዋናውን ነገር ከላይ ልጻፈው፤ አንተ ደብዳቤ ስታነብ መሀል ላይ እንቅልፍ ይወስድሃል። በቅርቡ «ልጃችሁን ስለመረከብ» የሚል ቅጽ ይደርስሃል። አትፈርምበት። «አልፈርምም» ብለህም አትመልስ።

አሁን ደግሞ ምክንያቱን።

«ልጃችን ተመለሰ፣ ተመስገን» የሚለው የእማዬ ደብዳቤ ደርሶሃል አይደል? የጻፈው ጋሽ ማኅተም ነው። ፖስታውን በምራቁ አርጥቦ ያሸገው ደግሞ ራሱ ተመለሰ የተባለው ልጅ ነው፤ ጎናቸው ቁጭ ብሎ ነበር። ወንድሜ አይደለም።

ቀውላላው (ወንድሜን በሌላ ስም ልጠራው እጄ አይታዘዘኝም) የምርጫው ድምፅ በተቆጠረ ማግሥት እንደወጣ ቀረ። ታዛቢ ሆኖ አንድ በአንድ ሲቆጠር ያየው ሌላ፣ በሬዲዮ የተነገረው ሌላ ሆነበት። «ተሳስተው ይሆናል፣ ሄጄ ልንገራቸው» አለና የመዘገበበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ተሳስተው ይሆናል! ሰው ይህን ያህል ጨዋ ሆኖ ያድጋል? ጥፋቱ ያንተ አስተዳደግ ነው።

እማዬ ሰኞ ሰኞ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። «እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም» አሏት። በአምስተኛው ወር ጋሽ ማኅተም «ማመልከቻው እንደ ደንቡ ስላልተጻፈ ነው» ብሎ ብዕሩን አወጣ። እሱ ሠላሳ ዓመት የንብረት ክፍል ጸሐፊ ነበር፤ የሚያውቀው ማመልከቻ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ወንበር ሲጠፋ የሚጻፈውን። እናም ጻፈ። የጎደለው ዓይነት፦ ወንድ ልጅ። ብዛት፦ አንድ። ቀጥሎ ቁመት፣ መልክ፣ የለበሰው ልብስ። መጨረሻው ላይ «በአስቸኳይ ተተክቶ ይሰጠን ዘንድ በትሕትና እናመለክታለን።»

«ጋሼ፣ ወንድሜ ወንበር ነው እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ።

«አንቺ ስለ አሠራር ምን ታውቂያለሽ? የእናትሽን ክር አጠንጥኚ!»

በአሥራ አምስት ቀን መልስ መጣ። በመኪና ነው የመጣው።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሁለት ሰዎች ዶሴ ይዘው፣ መሀላቸው አንድ ወጣት አቁመው በራችንን አንኳኩ። ቁመቱ የወንድሜ ነው። ጃኬቱ የወንድሜ ነው፤ ክርኑ ላይ እማዬ የጣፈችው ጥፍ እንኳ አለ። ፊቱም የወንድሜን ይመስላል፣ ብቻ ቀለም ባለቀበት ማሽን ፎቶ ኮፒ የተነሣ ነው። «እማዬ» አለ። ድምፁ ልክ ነበር። ግን ሰው አዲስ ቋንቋ ሲማር የመጀመሪያዋን ቃል እንደሚላት ነው ያላት።

እማዬ ፊቱን አላየችም። የክርኑን ጥፍ በጣቷ ትዳብሳለች። አያቴ ዓይኗ ስለደከመ ተጠግታ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ደባበሰችና «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለች። «ደህና ልጅ ይመስላል። ወላጆቹ አይፈልጉትም?»

«ጃጅታለች፣ ይቅርታ» አላቸው ጋሽ ማኅተም ለሰዎቹ። ከዚያ ዶሴውን ገልጦ ፊቱ በራ። «ማኅተም አለው እኮ! ያውም ክቡ!»

እኔ በሆዴ ምትኩ አልኩት። እስከ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው።

በመንገዳችን እሱ ብቻ አይደለም። ከውጭ አጣሪዎች ስለሚመጡ የጠፋ ሰው ዝርዝር ባዶ መሆን አለበት ተብሏል አሉ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅም «ተመልሳለች»።

አባዬ፣ ምትኩ ክፉ ሰው አይደለም። ሰው መሆኑን ነው የማላውቀው። እኛ ብርጭቆ ስናነሣ ያነሣል፣ ስናስቀምጥ ያስቀምጣል። ሦስተኛዋን ደረጃ ታውቃታለህ፣ ድመት ስትረግጣት እንኳ ታቃስታለች፤ ለእሱ ግን ድምፅ የላትም። የወንድሜ አልጋ ላይ ያድራል፤ ጠዋት ስገባ አንሶላው ላይ አንዲት መጨማደድ አላገኝም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት «ለፊርማ» ብሎ ወደ አመጡት ሰዎች ቢሮ ይሄዳል።

መቼም ታውቀኛለህ፣ ዝም አልልም። አንድ ረቡዕ ድንገት ያዝኩት።

«የጋሼን ጥርስ የት ነበር የደበቅነው?»

ፈገግ አለ። «ታምሜ ስለነበር አንዳንድ ነገር ረስቻለሁ።»

«ጥርስ ይረሳል? ሙሉ ጥርስ እኮ ነው፣ የላይም የታችም!»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኅቴ።»

በቃ፣ እርግጠኛ ሆንኩ። ቀውላላው እኔን ይቅርታ ጠይቆ ያውቃል?

ዓርብ ቁርስ ላይ ግን፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «የስኳር ጣሳው ውስጥ» አለ። ሁላችንም ቀና አልን። «ጥርሱ የስኳር ጣሳው ውስጥ ነበር። ጋሼ ጥርሱን እየፈለገ ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያው ጣሳ እየጨለፈ ሻዩን ጠጣ።» ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ከወሬው ዘግይቶ መጣ፣ ነጎድጓድ ከመብረቁ እንደሚዘገየው።

ጋሽ ማኅተም ማንኪያውን አስቀመጠ። «የቱን ጥርስ?»

ምን ይሳቃል! እኔ ዳቦዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህሩ ደብተሬን አየና «መልሱ ልክ ነው፤ ከየት አመጣሽው?» ሲለኝ ብድግ አልኩ። የስኳር ጣሳውን ነገር የምናውቅ በዚህ ምድር ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። አንዷ አልተናገረችም።

ቤት ስደርስ እማዬ እየሰፋች ነበር። ጆሮዋ ላይ ነገርኳት። እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀረ።

«አለ ማለት ነው?»

«አለ። እየጠየቁት ነው።»

ድምፃችን እንዳይሰማ መኪናውን መልሳ አስነሣችው። ቀውላላው ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ አላየኋትም። «ጠይቂው» አለችኝ።

ጠየቅኩት። የሬዲዮ ጥያቄና መልስ አዘጋጅ ሆንኩልህ። የሞተችው ድመታችን የት ተቀበረች? አንተ የመጨረሻ ጊዜ ስትሄድ ለቀውላላው ብቻ ምን ብለህ አንሾካሾክህ? (አሁን እኔም አውቄዋለሁ፣ አትቆጣ።) ረቡዕ አያውቅም፣ ዓርብ ያውቃል። ሠላሳ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። ደብተሬ ላይ አንድ፣ ሁለት እያልኩ እመዘግብ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አባዬ። ዓርብ ዓርብ እየዘፈንኩ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው።

እማዬ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀች። ለምትኩ ሾርባ እየቀዳችለት፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ፣ «አሁን በየትኛው ጎንህ ነው የምትተኛው?» አለችው።

ዓርብ መለሰላት። ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። «በግራ ጎኔ መተኛት አልችልም። በቀኝም ብዙ አልቆይም።» ብሎ ፈገግ አለ።

እኔ እስከዚያ ቀን ጥያቄዎቹን ስቆጥር ነበር። መልሶቹ ከእሱ እንዴት እንደሚወጡ አላሰብኩም። ሠላሳ አንድ።

ደብተሩን ቀደድኩት። መጠየቅ አቆምን። ሁለት ሐሙስ ምትኩ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። በሦስተኛው ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሌ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ዛሬም የምትጠይቂኝ የለሽም?»

«የለኝም።»

«አንድ ብቻ» አለ። ልመና ነበር። «ትንሽም ቢሆን።»

በነጋታው ቅጹ መጣ። ልጃችንን በሙሉ ጤንነት ተረክበናል፣ ከእንግዲህ የምናቀርበው አቤቱታ የለም፣ ይላል። የአባትና የእናት ፊርማ። እማዬ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እነሱ ከሁለት ወር በፊት ፈርመዋል።

«ከፈረምን ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አትሄድም» አለ ዳቦውን እየጠቀለለ። «አዲስ ነገርም አታውቅም። የድሮውን ብቻ ነው የምትለው፣ በተራ በተራ። ሲያልቅባት ከመጀመሪያው ትጀምራለች።»

«ልጅህስ?» አለች እማዬ። የትኛዋን እንደሆነ አልተናገረችም።

ሰውየው ዳቦውን ጠቅልሎ ሳይጨርስ እንደገና ፈታው። እንደገና ጠቀለለው።

እማዬ ቤት ገብታ የስፌት መኪናውን ካስነሣች በኋላ ነው የተናገረችው። «ከጠየቅን ያሠቃዩታል። ካልጠየቅን አያስፈልጋቸውም። ከፈረምን ደግሞ...» ክሩ ተበጠሰ። ምላሷ ላይ አርጥባ መልሳ አስገባችው። «ቀላል ቀላሉን እንጠይቀው» አለች። «ለመናገር የማይሰስተውን። አንዴ ሲሉት የሚመልሰውን።»

ስለዚህ አሁን ሥራችን ይህ ነው። ፈተና ከባድ ነው የሚል ሰው ቀላል ጥያቄ አውጥቶ ይሞክረው። ለማንም የማይጠቅም፣ ማንንም የማያስይዝ፣ ግን እሱ ብቻ የሚያውቀው መሆን አለበት። የመጀመሪያውን እኔ አወጣሁት። «የወጣህ ዕለት በሩ ላይ ምን አልኩህ?»

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ላንተ ልንገርህ። ያን ቀን ብስክሌቱን አላውስም ብሎኝ ተኳርፈን ነበር። «ሂድ! ባትመለስ ደስ ይለኛል፣ ክፍልህን እወስደዋለሁ» ነው ያልኩት። ጨዋታ ነበር። እንደ ጨዋታ ግን አላልኩትም።

ዓርብ ምትኩ ሻዩን እየጠጣ መለሰልኝ። «‹ቶሎ ተመለስ፣ አንተ ከሌለህ ቤቱ አይደምቅም› አልሽኝ። ደግሞ አለቀስሽ።»

እንዲህ አላልኩም። አላለቀስኩምም። ምትኩ መዋሸት አይችልበትም፤ የነገሩትን ነው የሚያመጣው። የዋሸው ቀውላላው ነው። ተሳስተው ይሆናል ብሎ የሄደው ጨዋ ልጅህ እነሱ ፊት ቁጭ ብሎ፣ በዚያ ጎኑ፣ ዓይናቸውን እያየ ዋሸ። ዋሽቶም ለእኔ ላከልኝ። ሻይ ልጨምር ብዬ ወጥቤት ገባሁና ያን ጊዜ አለቀስኩ። ስለዚህ አሁን ግማሹ እውነት ሆኗል።

ቅጹ አሁን ባንተና በእማዬ ፊርማ መሀል ቆሟል። እሷ «ባለቤቴ ሳይፈርም እጄን አላነሣም» ብላለች። ሴት ልጅ ለባሏ ታዘዘች ብለው ቢሮው ውስጥ አመሰገኗት! አንተ ደግሞ ዘግይ። ለጋሽ ማኅተም ምንም ነገር አልነገርነውም። ግን ባለፈው ሳምንት ከረባቱን አጥብቆ፣ ቅጹን በብብቱ ይዞ እዚያ ቢሮ ድረስ ሄደና መልሶ ጠረጴዛቸው ላይ ጣለላቸው። «አባሪ ይላል፣ አባሪው የታል? አባሪ ያልተሟላለትን ሰነድ በኔ ዘመን አይነኩትም!» ላንተም መልእክት አለው፦ ቀኑ በአኃዝም በፊደልም ካልተጻፈ መልሰው፤ የስምህ አንዲት ፊደል ካነሰች መልሰው፤ ማኅተሙ ፊርማውን ካልነካ መልሰው። ሠላሳ ዓመት ሰው ያንገላታበትን ሁሉ አሁን በደስታ እያስተማረን ነው። ጥርሱን ደብቄ በማወቄ ትንሽ አፍሬአለሁ። ትንሽ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሃለሁ። በፖስታ ቤት፣ ሁሉም እንዲያነበው አድርገህ፣ ለምትኩ ደብዳቤ ጻፍለት። «ልጄ» በለው። እንደናፈቀህ ንገረው። መጨረሻው ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቀው፤ ሁለት እንዳታደርገው። የምታውቀውን ሁሉ አገላብጠህ፣ አንድ ቀን ሙሉ አስበህ ምረጠው። ቀላል ይሁን፣ አባዬ። ገና በመጀመሪያው ሲጠይቁት የሚመልሰው ይሁን።

ባሕሩ ይርጋልህ፣ ንፋሱ ከኋላህ ይሁን፤ መልሕቅ ጥለህ ሁላችንንም በአንድ ማዕድ ዙሪያ ለመቆጣት ያብቃህ።

ነገረኛዋ ልጅህ