በአልጋ ለተመረጡት እንደራሴያችን

ለክቡር ቾድሪ ጉልሸር
የተከበረው ምክር ቤት አባል፣ ኢስላማባድ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ጎረቤቴ እትዬ ሱግራን ብቻ፣ ባለፈው ክረምት የተሰበረው ዳሌያቸው ጠምሞ ስለገጠመ ከተኙበት አይነሡም። ምራታቸው ረሺዳ ሰባት ወሯን ይዛለች፤ የምትወልደው ወንዙ በሚሞላበት ወር ነው። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያስጻፈኝ ያው በወንዛችን ላይ ይሠራል የተባለው ድልድይ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሰጡን ሥልጣን ላመስግንዎ። በምርጫው ወረቀት ላይ ምልክትዎ የገመድ አልጋ ነበር። ሰውዎ ቱፋይል ቤት ለቤት እየዞረ፣ «ማንበብ አያስፈልግም! አልጋዋን ፈልጎ ማኅተሙን ቧ ማድረግ ነው፤ ድልድዩ ተሠራ በሉት» አለን። እኔ እስከ አምስተኛ ክፍል ስለተማርኩ ለሴቶቹ ሁሉ አልጋዋን ያሳየሁ እኔው ነኝ። እኛ አልጋው ላይ ማኅተም አሳረፍን፣ እርስዎ አልጋው ላይ ወጡ። ሥልጣናችንም የአውራ ጣታችን ቀለም እስኪለቅ ድረስ ጸንቶ ቆይቷል።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶዎ። አቤቱታ ይዘን ደጅዎ ስንመጣ፣ በግቢዎ ከተደረደሩት አሥራ ሁለት አልጋዎች ወንድ ያልተቀመጠበት ስላልነበረ መሬት ላይ ዋልን። ጸሐፊዎ የሁለት መቶ ሴት አሻራ አገላብጦ አይቶ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ጣት አይደል እንዴ?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ከላይ ሆኖ ላየን አንድ እንመስላለን።

ሦስተኛ፣ መምህርታችን የምክር ቤቱን ስብሰባ በስልኳ አሳየችን። እርስዎ ሲነሡ ትንፋሻችንን ዋጥን። የማቀዝቀዣው አየር እንደበረደዎት ለአፈ ጉባኤው አመልክተው ተቀመጡ። አፋችን እርስዎ ነዎትና፣ በዚያ ሙቀት በርዶን እንደነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። «እናውርዳቸዋ!» ያሉም ነበሩ፤ መምህርቷ ግን ሕጉ አምስት ዓመት ጠብቁ እንደሚል ነገረችን።

እትዬ ሱግራን የወደቁ ዕለት አራት ወንዶች ሐኪም ቤት ሊያደርሷቸው በገመድ አልጋ ተሸክመዋቸው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ውኃው ደረታቸው ሲደርስ ተመለሱ። «ቾድሪ ቃላቸውን አላጠፉም፤ አልጋው ይኸው!» ብሎ አንዱ ቀለደ። ውኃው እስኪጎድል አራት ቀን ጠበቅን። አጥንታቸው አልጠበቀንም።

ለረሺዳም ሌላ መንገድ የለንም።

አልጋዎን አላህ ያጽናልዎ፣
ጣቷን የታጠበች ታዛዥዎ
ካኒዝ ቢቢ፣ ከወንዙ ማዶ

ማስታወሻ፦ ትናንት ቱፋይል ምርጫ ደርሷል ብሎ ብቅ አለ። ምልክትዎ ተቀይሮ መሰላል ሆኗል አሉ። «እናቶቼ፣ አደራ፣ በስሕተት አልጋዋን እንዳትመቱ!» አለ። እትዬ ሱግራን ከተኙበት ቀና ብለው፣ «መሰላሉን እሳቸው ይውጡበት፣ ልጄ። አልጋዋን ግን ተዉልን፤ ለረሺዳ ትፈለጋለች» አሉት።