አባቴ የዘለለው ስም

መካኒሳ አቦ፣ ኅዳር 13 ቀን 1989 ዓ.ም.

ውድ ፀሐይወርቅ፣

አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ሰው ዛሬ ተነሥቶ «እንደምን ከርመሻል» ቢል ያስቃል፤ ስለዚህ ሰላምታውን ልተወው። ይህ ደብዳቤ አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። ሁለት መስመር እጽፍና ብድግ እላለሁ፣ እስከ ለቡ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ደግሞ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ይህኛውን ግን አልቀድም፤ ከነገ ወዲያ፣ እሑድ ሳይደርስ፣ እጅሽ መግባት አለበት። ጎረቤታችን ሣራ ሥራ ቦታሽ ድረስ ላድርስላት ብላኛለች።

ያንን ቀን እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። በአጎትሽ በጋሽ አስረስ ሳሎን ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ አስረስ «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም» አሉ። ልማድ ነውና ማንም አልከፋውም። እኔ እንዲያውም በልቤ ድንኳኑን የት እንደምንተክል አስብ ነበር። ቆጠራው ከወንድ ወገን ተጀመረ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ደረቱን ነፍቶ፣ «ከበበው ወጋየሁ፣ ወጋየሁ ተሰማ፣ ተሰማ ወልደ ሐና። የአምባ ወይራው ባለርስት ወልደ ሐና!» አለ። ከዚያ ጋሽ አስረስ ያንቺን መቁጠር ጀመሩ። አምስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። የአምባ ወይራው ወልደ ሐና። በእኛ በኩል አራተኛ፣ በእናንተ በኩል አምስተኛ።

«ልጆቹ ሥጋ ናቸው፤ እግዜር ነው ያተረፈን» ብለው ተነሡ። አባቴ ውኃ ጠየቀ። እኔ የደነገጠው ለእኔ አዝኖ መስሎኝ ነበር።

አንቺ በሩ ላይ፣ «እንግዲህ ወንድሜ ነህ ማለት ነው?» ብለሽ ሳቅሽ፤ ሳቁን ግን አልጨረስሽውም። ጉንጬን እንደ ዘመድ ሳምሽኝና ገባሽ። ከዚያ አጎትሽ ቤታቸውን ሸጠው ወደ ፉሪ ይዘውሽ ሄዱ። በኋላ ከሣራ እንደሰማሁት፣ ከአቦ ጀርባ እናሳልፋቸው ስለነበሩት ማታዎች ለንስሐ አባትሽ ተናዝዘሽ ስግደት ታዞብሻል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። እውነቴን ነው፤ አለቃዬ ሳይቀር «ወንበርህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» እስኪለኝ ድረስ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ አሮጌ ካርታ ላይ ስስ ወረቀት ዘርግቶ መስመር መገልበጥ ነው። አውራጃ ፈርሶ ዞን ሲባል፣ ወረዳው ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ሲሰጥ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንደ ክምር ተከመረ። አንድ ቀን አምባ ወይራ ወረዳ ደረሰኝ። በጥንቱ ካርታ ወሰኑ ደንቢ ወንዝ ነው፤ የአባቴ ትውልድ መንደር ደግሞ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ቁጭ ብሏል! ለካ መንደሩ እስከ 1939 ድረስ የጎረቤቱ አውራጃ ነበር። ከአምባ ወይራ የተቀላቀለው ከዚያ ወዲህ ነው። አያቴ ተሰማ ሲወለድ አምባ ወይራ የሌላ አገር ነበር ማለት ነው።

ሰው ከወንዝ ማዶ ልጅ አይወልድም ማለቴ አይደለም፤ ወንዝ ማንን ከልክሎ ያውቃል! ግን ርስት ከአባት ነው። አያቴ የወልደ ሐና ልጅ ቢሆን ኖሮ ከወንዙ ወዲህ አንድ ትልም እንኳ አይኖረውም ነበር? የእኛ ቤት ግን በአምባ ወይራ መሬት ወረሰ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። ወረዳው ጽሕፈት ቤት ብሄድ፣ «የዚያ ዘመን መዝገብ አውራጃው ሲፈርስ ወደ ዞን ሄዷል» አሉኝ። ዞን ብሄድ፣ «ያ ቀበሌ አሁን የእኛ አይደለም፤ ወደ ማዶ ተካልሏል» አሉኝ። ማዶ ብሄድ፣ «ከወዲያ ገና አላስረከቡንም» ብለው ሻይ ጋበዙኝ። የዓመት ፈቃዴን በሙሉ ሻይ ስጠጣ ጨረስኩት። ባለፈው ወር ግን መዝገቡን ተውኩና መንደሩ ሄድኩ። አባ በንቲ የሚባሉ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘሁ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«የወጋየሁ ተሰማ።»

«ኧረ! የፈየራ ዘር ነሃ! ፈየራ ቀጄላ ደንቢን እየተሻገረ ለወልደ ሐና ያርስ ነበር። ጭሰኛው ነበር። በሬ በመጥመድ እሱን የሚያህል አላየሁም።»

«ተሰማ የወልደ ሐና ልጅ አይደለም እንዴ?»

አባ በንቲ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «ወልደ ሐና ለፈየራ ልጅ አንድ ጥጃ አልሰጠ፣ ስሙን ይሰጣል?»

ከዚያ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ። ፈየራ፣ ቀጄላ፣ ቱሉ እያሉ ወጡ። አንድም የእናንተ ሰው የለበትም፣ ፀሐይ። አንድም! ኃጢአት ባልሆነ ነገር ነው ስትሰግጂ የከረምሽው።

ቤት ስደርስ አባቴ ግቢ ውስጥ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «አባባ፣ ፈየራ ማነው?» አልኩት። ሬዲዮውን አጠፋው።

«ማን ነገረህ?»

«አባ በንቲ።»

«እስካሁን በሕይወት አሉ እንዴ?» አለ። «አስረስ ካባውን ደርቦ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። የጭሰኛ ዘር ነኝ ልበለው? ከዚያ አገር የማውቀው ትልቅ ስም የወልደ ሐና ነበር፤ ምላሴ ቀደመኝ። እነሱም ከሱ እንደሚወለዱ በምን ልወቅ?»

«እሺ፣ ካወቅህ በኋላስ?»

«በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት? የተፉት ምራቅ ይዋጣል?»

«አራት ዓመት፣ አባባ!»

«አራት ዓመት ዓይንህን ስሸሽ አላየኸኝም?»

ጮህኩበት። ለአባት የማይባል ነገር ተናገርኩ። ሁለት ሳምንት በአንድ ቤት ውስጥ ሳንነጋገር አንድ ወጥ በላን። ግን እኔም ንጹሕ አይደለሁም፣ ፀሐይ፤ ይህንን ነው ሦስት ጊዜ የቀደድኩት። ያኔ አንቺን ማጣቴ እያንገበገበኝም ቢሆን የባለርስቱ ዘር መባሌ ደስ ብሎኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ «እኛ እኮ የወልደ ሐና ነን» ብዬ አውርቻለሁ። አንቺን የወሰደብኝን ስም እንደ አዲስ ኮት ለብሼው ዞሬያለሁ። ለዚህ ነው ቶሎ ያልጠረጠርኩት። አፍሬያለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ትናንት አባቴ ራሱ ዝምታውን ሰበረ። «እሑድ ፉሪ እሄዳለሁ። ለአስረስ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። አንተ ግን አትምጣ፤ ልጄ ፊት አልችለውም» አለኝ።

እሺ አልኩት። ስለዚህ እሑድ እኔ አልኖርም። ስለ እኔና ስላንቺ ዛሬ ምንም አልጠይቅሽም። ልቤ ያው እንደነበረ ነው፤ ያንቺን ግን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ አራት ዓመትም ቀላል አይደለም። የምለምንሽ ሌላ ነገር ነው። ከቅዳሴ በኋላ ብቻውን ይመጣል። ጉልበቱን ያመዋልና የእናንተን ዳገት ሲወጣ ይዘገያል፤ በር ድረስ ወጥተሽ ተቀበይው። ወንበር ስጪው፣ ቆሞ እንዳይናገር። ጋሽ አስረስ ይቆጡ ይሆናል፤ እስኪጨርስ እንዳያቋርጡት እባክሽ ያዢልኝ። የአራት ዓመት ልማድ ነውና ምናልባት አሁንም «ተሰማ ወልደ ሐና» ብሎ ይጀምር ይሆናል። አታርሚው። ዝም ብለሽ ጠብቂው፤ ፈየራ ላይ ይደርሳል።

ከበበው ወጋየሁ ተሰማ ፈየራ