ጉሬዛው ማን ነው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 2007

በድሩ ነው! በቃ፣ አለቀ። ጉሬዛው የገለምሶ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው በድሩ ነው። ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

የከተማችን ቡድን በተጫወተ ቁጥር ጥቁርና ነጭ የጉሬዛ ልብስ ለብሶ ሜዳ ዳር እየጨፈረ ያሳብደናል። ፊቱን ያየ ሰው የለም። ፌስቡክ ላይ ግን ገጽ አለው፤ ትናንት እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ «ማን እንደሆንኩ ቀድሞ ኢንቦክስ የነገረኝ፣ እሁድ ከገለምሶ ጋር ስንጫወት ልብሱን ይለብሳል።»

የምለብሰው እኔ ነኝ። የደጋፊ ማኅበሩ ወንዶች ለሴት ከበሮ እንኳ አያስነኩም። እሁድ እንተያያለን።

ማስረጃዎቼ፦ አንዱን ፎቶ የተነሳው ሂርና ሻይ ቤት ነው። ሌሎቹን ገለምሶ ገበያ። እንዲህ እንደ ልቡ የሚመላለስ ማን ነው? ሾፌር። በመግሪብ ሰዓት ለጥፎም አያውቅም፤ ስለዚህ ሰጋጅ ነው። በድሩ ደግሞ ለሰላት መኪና ያቆማል።

ሙኒራ አላመነችም። ፍንጩን ሁሉ የምንፈታው ከእሷ ጋር ነው። እናቷ እትዬ ዘይነባ እኔ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ፊት ለፊት ጫማ ቤት ስላላቸው ቀኑን ሙሉ እየተጠራራን ነው የምንውለው። «በድሩ ሰርግ ላይ እንኳ ሳይጨፍር ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው» አለችኝ። ትበል።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

በድሩ አይደለም።

ትናንት ኢንቦክስ ጽፌለት ነበር፤ ጉሬዛው ራሱ መለሰልኝ፦ «አልሆነም። ጀባዱ፣ ልጄ።» በርቺ ይለኛል እንግዲህ፣ በኦሮምኛ። «ልጄ» ማለቱስ? ትልቅ ሰው ነው ማለት ነው።

ችግሩ፣ ትናንት በደስታ ብዛት ደጋፊዎች ግሩፕ ላይ የበድሩን ስም ጽፌ ነበር። ጠዋት ሱቅ ድረስ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ ምን አድርጌሽ ነው? ተሳፋሪው ሁሉ ጨፍርልን እያለ መንዳት ከለከለኝ!» ይቅርታ ጠየቅሁት። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ። ጽሑፉን አጠፋሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ዛሬ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ የለም። ሙኒራ ሂርና አክስቷ ጋ ሄዳለች፣ ስልኳ አይሠራም። ብቻዬን ገጹ ላይ ተጥጄ ዋልኩ።

ከሰዓት አዲስ ፎቶ ወጣ። የጉሬዛው እግር ብቻ፣ አዲስ ስኒከር አድርጎ። ከጀርባው ወለል ላይ ዘንበል ያለች ትንሽ መስታወት፣ ጥጓ የተሰነጠቀ፣ በቀይ ፕላስተር የተለጠፈ። ደግሜ ሳልከፍተው ፎቶው ጠፋ።

ግን አይቻታለሁ። ያለኝን ጫማ ሁሉ የለካሁት እዚያች መስታወት ፊት ነው።

ሙኒራ እንዳልል ጨዋታ ላይ ሁሌም አጠገቤ ናት። ጫማ ቤታቸው ሠራተኛ የለውም። ጨዋታ ባለ ቀን ሁልጊዜ «እቁብ አለብኝ» ብለው የሚጠፉት ግን… ጫማ ለመሸጥ ሂርናና ገለምሶ የሚመላለሱት… እትዬ ዘይነባ!

ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን አቆምኩ። ለሙኒራ ምን ልላት ነው?

ዓርብ፣ የካቲት 13

ኢንቦክስ አልጻፍኩም። ሙኒራ ሳትመለስ ራሴ ሄድኩ።

«እትዬ፣ መስታወቷ ታየች» አልኳቸው።

የያዙት ካርቶን ከእጃቸው ወደቀ። «ወዲያው አጥፍቼው አልነበር? ያ አላህ!» የሱቁን በር ገርበብ አድርገው አጠገቤ ቁጭ አሉ። «የሙኒራ አባት በሕይወት እያለ ሜዳ የምንገባው አብረን ነበር። ከሞተ በኋላ ብቻዬን ብገባ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ይሄን ስለብስ ግን ማን ያየኛል? እንደ ልቤ እጮሃለሁ።» አሁን ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው የሚተካቸው ሰው ፈልገው ነው።

«ለሙኒራ ለምን አልነገሯትም?»

«ታፍርብኛለች።»

«ሙኒራ? ስልኳን ስትከፍት የሚመጣው የማን ፎቶ መሰለዎት? የጉሬዛው፣ የእርስዎ ነው! ካልነገሯት አልለብስም።»

 ልብሱን በጆንያ አድርገው ሰጡኝ። እሺም እምቢም አላሉም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ሙኒራ ተመልሳለች። «የድሮ የስፖርት አስተማሪያችን ነው፣ እምልልሻለሁ!» አለችኝ። ስለዚህ አልተነገራትም። «ሊሆን ይችላል» ብዬ ወረቀት ማስተካከል ጀመርኩ። ከአፌ ሊያመልጠኝ ሲል ደንበኛ ገባ፣ ተመስገን።

ማታ ክፍሌን ቆልፌ ልብሱን ለካሁት። ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። እጅጌው ረዘመብኝ፣ ሰፋሁት። ጭፈራው ላይ ግን ማንም አይችለኝም።

እሁድ፣ የካቲት 15

ከጸሎት ቤት ቀጥታ ወደ ሜዳ። «ካልነገሯት አልለብስም» ያልኩትን ቃሌን በልቼ ለበስኩት። ከመልበሻው ስወጣ ጩኸቱ መሬቱን አነቃነቀው። ከበሮ መቺዎቹ ለኔ መቱ! ለኔ! ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ በጉሬዛው የአፍ ቀዳዳ እየተነፈስኩ ጨፈርኩ። የመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለአንድ አለቀ፤ የኛ ጎል ሲገባ መሬት ላይ ተንከባለልኩ።

በእረፍት ሰዓት ወደ ደጋፊው ሄድኩ። ሙኒራ እኔና እሷ የምንቀመጥበት ቦታ ላይ ናት። አጠገቧ እትዬ ዘይነባ፣ የቡድኑን ስካርፍ ሻሻቸው ላይ ጠምጥመው፣ ዳኛውን እየተሳደቡ። ማንም ዞሮ አያያቸውም።

ነግረዋት ይሆን?  ሙኒራ አጥሩን ዘላ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አፏን የጉሬዛው ጆሮ ውስጥ ከትታ፦

«እማዬ ትበልጥሻለች።»

እውነቷን ነው። ለዛሬ።