ገማቹ «ትጠገናለች» አለ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

ቀኝ እጄ ብቻ ነው የሚሠራው። ግራ ትከሻዬ አሁንም አይነሣም። ባሌ ግዛቸው ቀሚሴን ተኩሶ በር ላይ ሰቀለልኝ። የራሱን ሸሚዝ ሳይተኩስ ለብሶ ወደ ኮሌጁ ሊያስተምር ወጣ። አንገትጌው ተጨማዷል። ጠርቼ ልነግረው ብዬ ተውኩት።

ከአደጋው ስድስት ቀን። ዛሬም ወደ ፋብሪካው በባጃጅ። ላቦራቶሪ ስደርስ ያው ጥያቄ ይጠብቀኛል፦ መኪናዋ ትጠገናለች ወይስ ኢንሹራንሱ ዋጋዋን ከፍሎ ይወስዳታል? እኔ ምን አውቄ።

ከገዛናት ስምንት ወሯ። ግ. ለሷ ስንት ዓመት እንደጠበቀ አንተ ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ፤ ግማሽ ገጽህ እሱ ነው። እኔ በአንድ ጠዋት መሀል አስፋልቱ ላይ ካለው ዘንባባ ጋር አላተምኳት። እሱ እስካሁን አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ቢቆጣ በተሻለኝ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ

ላንተ ብቻ።

ባጃጅ ድንገት ገባብኝ ብዬ ነው ለግ. የነገርኩት። እውነት ነው፣ ገብቶብኛል። ግን ዓይኔ መንገዱ ላይ አልነበረም። ስልኬ ጠርቶ ወደሱ ዞሬ ነበር። ለትራፊክ ፖሊሱ ይህንንም ሳልደብቅ ተናግሬያለሁ፣ ጽፎታል። ማን እንደደወለ ግን አልጠየቀኝም።

የደወለው ግዛቸው ነው።

ይህን ቢያውቅ ራሱን ሲበላ ይኖራል። ስለዚህ አልነግረውም። አበቃ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ጋራዥ ሄድን። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋን ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ፊት የላትም። ሞተሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የተነፋው ኤርባግ መሪው ላይ እንደ ታጠበ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።  ግ. ክንዴን ያዘኝ።

የኢንሹራንሱ ገማች ትሑት ወጣት ነው። ዞሮ አያት፣ ፎቶ አነሣ፣ ጻፈ። ትጠገናለች አለ። የፊቷ ዕቃ ይቀየራል፣ የተጣመመው ሻንሲ፣ የመኪናዋ አጥንት፣ ተጎትቶ ይቃናል። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ሙሉም፣ «ቀለም ከተቀባች እኔ ራሴ ተመትታ እንደነበር አላውቅም» አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

 ግ. ግን ገማቹን ጠየቀው፦ «ይህ የተቃናው ብረት ዳግመኛ ቢመታ፣ ውስጥ ያለውን ሰው ያድናል?»

ልጁ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ተጣላን። ጠግነው ይስጡን አልኩ፣ አይሆንም አለ። ቃላችን ከፍ አለ። ላንተ ብዬ እኮ ነው፣ የምትወዳት መኪና አይደለችም ወይ አልኩት።  ጫማውን አድርጎ ወጣ። እኔም እራት አልበላሁም። አኮረፍኩ ማለት ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ለሱ ብዬ ነው ያልኩት ውሸት ነው። እኔ የፈለግኩት ጥፋቴ በቀለም እንዲሸፈንልኝ ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ማታ

ከሥራ ስወጣ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በእግር ወደ ጣና ዳር ወረድን። ጀልባዎቹ ከዘጌ ይመለሳሉ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ጀልባዎቹን እያየ እንዲህ አለኝ፦

«ያን ቀን አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ደወልሁልሽ። አላነሣሽም። ወዲያው ፖሊሱ ባንቺ ስልክ ደወለልኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ያችን ሰዓት እያየሁ ነው።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል! እኔ ከሱ፣ እሱ ከኔ ስንደብቅ። ለምን ነበር የደወልከው አልኩት።

«ምሳ ዕቃሽን ረስተሽ።»

ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ዳር ላይ መረብ የምትጠግን የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሚስት ሥራዋን ትታ ታየናለች፣ አላፈርኩም። ማንም ጥፋተኛ አይደለም ብዬ ልጀምር ስል አቋረጠኝ። «መኪናዋ ሥራዋን ጨርሳለች፤ አንቺን መልሳልኛለች። ሁለተኛ አልጠይቃትም።»

ተጠግቼው ተቀመጥኩ። ትከሻዬን ረሳሁት።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ማመልከቻውን አብረን ጻፍን፣ ኢንሹራንሱ መ/ቤት አስገባን። ሻንሲዋ በመሣሪያ ይለካልን፣ በዓይን አይበቃም ብለን። እኔ ጻፍኩ፣ ግ. እንደ ልማዱ የፊደል ስሕተት አረመ። በ«ፀሐዩ ፀ» ከኔ ጋር ተከራክሮ አሸነፈ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ተለካች። ጉዳቱ ከፊት አልፎ የሹፌሩ በር ሥር ደርሷል። ገማቹ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀን፤ አትጠገንም፣ ከጥቅም ውጪ ተብላለች። ግ. «እግዜር ይስጥህ» አለው። ስልኩን ዘጋና ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ይወዳት ነበር እኮ። ሄጄ ከኋላው አቀፍኩት።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

የመኪናዋን ዋጋ ለመቀበል ኢንሹራንሱ መ/ቤት ፈረምን። ጸሐፊዋ ቼኩ በማን ስም ይጻፍ አለች። እኔ «በሱ»፣ እሱ «በሷ»፣ እኩል። ብዕሯን አስቀምጣ፣ ተስማምታችሁ ንገሩኝ አለችና ሳቀች።

ኅዳር 29፣ እሑድ፣ ጠዋት 2፡00

ትከሻዬ ተነሣልኝ። ግ. የወንድሙን አሮጌ ፒካፕ ለዛሬ ተውሶ አምጥቷል። ዘጌ ድረስ እንውጣ ይላል። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ወጥቶ በሹፌሩ ሳይሆን በወዲያኛው በር ገብቶ ተቀመጠ። ከመስኮቱ አየዋለሁ። ቀበቶውን አስሯል።

ቁልፉን አነሣሁ።  እኔ ነኝ የምነዳው።