የአርባ ወታደሮች ፊት

መስከረም 14
ሙቀት። ክሊሙ፣ ማቀዝቀዣ ተብዬው፣ ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም። ዛሬ ሁለት ሙሽራ አስዋብኩ። ሁለተኛዋ ገና ሳትቀመጥ እናቷ፣ "እባክሽ ቀላ አድርጊልኝ" አለችኝ። አደረግኳት። ምን ላድርግ? ስጨርስ ፊቷ ከዱባይ፣ አንገቷ ከታጁራ። ሩቅያ አጨበጨበች። ሳሎኑ የእሷ ነው፤ ማጨብጨቡም የእሷ።

ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ሰተት ብሎ ገባ። የሴቶች ሳሎን! ሩቅያ መጋረጃ ልትስብ ሮጠች። እሱ እቴ… ቀጥ ብሎ የጥፍር ቀለሞቹ ጋ ሄደና፣ "ከዚህች ብሩሽ የምትቀጥን አለቻችሁ?" አለ። በአማርኛ፣ ያውም በድሬ አማርኛ።

"ለማን ጥፍር?" አልኩት።

"ለጥፍር አይደለም። ለወታደር ዓይን ነው።"

አበደ ስል ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ፈታው። የፕላስቲክ ወታደር። ቁመቱ የአውራ ጣቴን ግማሽ ቢሆን ነው። ጠመንጃው፣ ካፖርቱ፣ ቁልፎቹ ሳይቀሩ ተቀብተዋል። ፊቱ ግን… የከሰል ቁራጭ።

"ፊቱስ?"

"ተቀብቷል እኮ!"

"የት?"

ተቀየመኝ። የሰጠሁትን ቀጭን ብሩሽ ይዞ ሄደ።

መስከረም 17
ተመልሶ መጣ። ሙሐመድኑር ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር። አባቱ ባቡር ላይ ይሠሩ ስለነበር ልጅነቱን ድሬዳዋ ነው ያሳለፈው። አንቱ ስለው ተቆጣ። "ትግስት፣ የድሬ ልጅ አይደለሽም እንዴ? አንተ በይኝ!"

ሥራው ምን መሰለሽ ትግስት… ጠረጴዛ ላይ ጦርነት። ዳይስ እየጣሉ አሻንጉሊት ወታደር ያዋጋሉ። ዳይሱ ከቀናህ ታሪክ ትገለብጣለህ። ክለብም አላቸው። የሚመራው ጡረተኛ ፈረንሳዊ መኮንን ነው፤ ሁሉም "ካፒቴን" ይለዋል። ኅዳር 2፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃበት ቀን ሲታሰብ ኤግዚቢሽን ያሳያሉ። ሙሐመድኑር የሶማሌ ሻለቃን ይዞ ሊቀርብ ነው፤ ከዚህ ተነስተው ፈረንሳይ ድረስ ሄደው የተዋጉትን። አያቱ አንዱ ነበሩ። ፎቶ እንኳ አልቀረላቸውም።

"አርባ ናቸው" አለኝ። "የአርባውም ፊት አንድ ዓይነት ነው። ምን ጎደላቸው?"

ሳላይ ምን ልበለው? በሚመጣው ዓርብ ቤቱ እሄዳለሁ። እኔን ምን አገባኝ?

መስከረም 23
ቤቱ ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ነው። ሚስቱ ዙሌይካ በር ላይ ተቀበለችኝ። "አንቺም ትጫወቻለሽ? ሰው በሰባ ዓመቱ የልጅ ልጅ ያቅፋል፣ የኔው ፕላስቲክ ታቅፏል።" ወደድኳት።

ወታደሮቹ እያንዳንዳቸው የለስላሳ ቆርኪ ላይ ተለጥፈው ቆመዋል። ከማዶ ጀርመኖቹ። አንዱን ጀርመን አነሳሁት። ጉንጩ ቀላ ብሏል፣ ከዓይኑ ሥር ጥላ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ ብርሃን። ያልተላጨ አገጩ ላይ እንኳ ሰማያዊ ነገር ጣል ተደርጎበታል!

"ይሄ ስንት ቀለም ነው?"

"አምስት ንብርብር" አለ ደረቱን ነፍቶ። ከፈረንሳዮች ቪዲዮ ነው የተማረው። "መጀመሪያ መደቡን ትቀቢያለሽ። ከዚያ እንደ ሻይ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ታፈስሺበታለሽ፤ ጎድጎድ ያለው ውስጥ ገብቶ ጥላ ይሆናል። ከዚያ ወጣ ወጣ ያለውን በፈካ ቀለም…"

"የኛዎቹስ?"

"ጥቁር… አንድ ጊዜ።"

ለጠላት አምስት፣ ለአያቱ አንድ! እንዲህ አድርጎ ነው ስንት ዓመት ታሪክ ያስተማረው?

ስቄ ስጨርስ ተቀመጥኩ። የጠይም ሰው ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ይህን በሙሽሮች ፊት ተምሬዋለሁ። ቡናማ ላይ ትንሽ ቀይ ለመደቡ። ለጥላው የወይን ጠጅ ቀለም ጠብታ። ለብርሃኑ ደግሞ ነጭ ሳይሆን ብርቱካንማ… ግንባሩ፣ የጉንጩ አጥንት፣ የታችኛው ከንፈር። ሙቀቱ ቀለሙን ብሩሹ ላይ ያደርቀዋል። ምሳ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አደረግን፣ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት፤ ቀለሙን እዚያ ላይ ስንበጠብጠው ቆየልን። ዙሌይካ ማራገቢያውን ወደ እኛ አዞረችና ሦስት ወታደር ወደቀ።

"ተሸነፋችሁ" አለች።

ጥቅምት 7
ሃያ ሦስት ፊት ደረሰ። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ሞዴሎቼን ከየት አመጣኋቸው? ከጫት ወረፋ! ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ሲደርስ ካርቲየ 4 ቆሞ የወንዶችን ፊት ማየት ነው። የወንድ ፊት እንደዚያ ሰዓት ጦር ሜዳ የሚመስልበት ጊዜ የለም። ቀይ ዳማው፣ ጠይሙ፣ እንደ ቴምር የሚያብረቀርቀው…

ዛሬ ዙሌይካ ሻይ አስቀምጣ ልትወጣ ስትል ቆመች። አንዱን ከነቆርኪው አነሳችው። አየችው… አየችው።

"ይሄ ሙሚን አይደለም?"

ሙሚን ወንድሟ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ ባሕር የወሰደው። እኔ ሙሚንን የት አውቄው? ያ ወታደር ከጫት ወረፋ ያገኘሁትን የበረዶ ሻጭ ፊት ነው የያዘው። ብሩሼን ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ሙሐመድኑርም አቀረቀረ። ዙሌይካ ወደ ቦታው መለሰችውና ማራገቢያው እንዳይጥለው ወደ ግድግዳው አስጠጋችው።

ጥቅምት 21
አርባው ሁሉ አለቀ። ካፒቴን ሊያይ መጣ። አጉሊ መነፅሩን አውጥቶ አንድ በአንድ… "በጣም ፈክተዋል" አለ። "ትክክለኛ አይደሉም። ፎቶዎቹ ላይ ጥቁር ናቸው።" ፈረንሳይኛዬ የሳሎን ቢሆንም ይህ ገባኝ።

"ፎቶው ራሱ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው!" አልኩ በአማርኛ። "በዚህ ዓይነት የካፒቴንም አያት ግራጫ ነበሩ ማለት ነው። ንገረው!"

ሙሐመድኑር ወደ ካፒቴን ዞሮ ተረጎመ፦ "ሻይ ይጠጡ ትላለች።"

ጥቅምት 26
ዙሌይካ ሳሎኑ ድረስ መጣች። ሙሐመድኑር አደረገው። ጥቁር ቀለም በውሃ አቅጥኖ አርባዎቹ ፊት ላይ አፈሰሰባቸው፣ ካፒቴን ከኤግዚቢሽኑ እንዳያስቀረው ብሎ። ሙሚንን ብትፈልግ አጣችው። የትኛው እንደሆነ እሱም አያውቅም።

"ሁለቴ ሰመጠ" አለች። አላለቀሰችም። "አንዴ በባሕሩ፣ አንዴ በባሌ።"

ፈሪ! ፈሪ ሽማግሌ! ዙሌይካ እንደወጣች ሙሽራ ገባች፣ ሀዊ የምትባል። ምን የመሰለች ጠይም። እናቷ፦ "ቀላ አድርጊልኝ።" እጄ ወደ ለመደው ፓውደር ሄደ… ቆመ። እኔስ በሰባት ዓመት ስንት ፊት አስጥሜአለሁ?

ለሀዊ በራሷ ቀለም ሠራሁላት። የጉንጯን አጥንት በመዳብ ቀለም አወጣሁት። እናቷ ጮኸች። ሀዊ መስታወቱን አለቅም አለች። ሩቅያ ጓዳ ጠራችኝና፣ "ደግመሽ ብታደርጊው ሌላ ሳሎን ፈልጊ" አለችኝ።

ጥቅምት 27
ሙሐመድኑር። ዛሬ አልገባም፣ በር ላይ ቆመ።

"አሴቶን አላችሁ?"

"አሴቶን ፕላስቲክ ያቀልጣል። አያትህን ሾርባ ልታደርጋቸው ነው?"

"ታዲያ በምን ይለቃል?"

አልኮል ሰጠሁት። ነክሮ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም። "ዙሌይካ ምሳ ታቀርብልኛለች፣ አታናግረኝም" ብቻ አለ። በአምስት ቀን አርባ አይደርስም። አሥራ ሁለት ከሞከርን…

ኅዳር 2
አሥራ ሁለቱን ከፊት አቆምናቸው። ሃያ ስምንቱን ከሰሎች ጀርባቸውን አዞርናቸው። ለጠየቀን ሁሉ "የኋላ ጠባቂዎች ናቸው" አልን። አመኑን!

ካፒቴን መነፅሩን ይዞ መጣ። ነግሬህ አልነበረም ወይ አለው። ሙሐመድኑር ከኮቱ ላይ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው ቀና አለ።

"ካፒቴን፣ አንተ ያየኸው ፎቶ ነው። እኔ ያደግኩት ከሰዎቹ ጋር ነው።"

ካፒቴን "ኤንቴሬሳን"፣ የሚገርም ነው፣ ብሎ አለፈ። የፈረንሳይኛ ትንሿ ስድብ ይህች ሳትሆን አትቀርም።

ሙሚንን በትዝታ ደግሜ ሞክሬው ነበር። ዙሌይካ መዳፏ ላይ አድርጋ አገላብጣ አየችው።

"ጥሩ ልጅ ነው" አለችኝ። "ሙሚን ግን አይደለም።"

ከዚያ ባሏን ክንዱን ያዝ አድርጋ፣ "ና፣ ቤት እንሂድ" አለችው።

ኅዳር 11
ሦስት ቀን ካርቲየ 4 ያሉትን ሱቆች አሰስኩ። እስከ ዛሬ እኔም እንደ ሙሽሮቹ ቀላ ብዬ ነበር የምውለው፤ የራሴ መልክ ፓውደር የለም! ባለሱቁ ዱቄት የመሰለ ነገር አውጥቶ፣ "ላንቺማ ይሄ ነው" አለኝ። ላንቺማ! ትቼው ከሦስት ቆርቆሮ ራሴ ቀላቀልኩ። ዛሬ ያንን ተቀብቼ ሥራ ገባሁ።

ሩቅያ ደነገጠች። "አሞሻል?"

"አላመመኝም።"

ታባርረኛለች ብዬ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አላወረድኩም። ዞረችኝ፣ አየችኝ፣ አንገቴ ድረስ ጎንበስ ብላ አየችኝ። ሄዳ በሩን ቆለፈች፣ መጋረጃውን ሳበች።

"ደንበኛ ሳይመጣ" አለች ዝግ ባለ ድምፅ፣ "እስቲ የኔን አሳዪኝ።"

ፊቷን በሳሙና ታጠበችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሰባት ዓመት አብሬያት ሠርቼ… ጠይም ነች ለካ።